ለአሜሪካ የጻፍሁት በቃኝ

ትኩስ ዳቦ ብቻ አይደለም የሚሸት፤ ትኩስ ወረቀትም ይሸታል። ባለፈው ሰሞን እንጅባራ ላይ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ማዶ ካለችው የፎቶ ኮፒ ቤት በር ቆሜ ጉሙ እስኪገልጥ ስጠብቅ፣ የልጅ ልጄ ማስተዋል ከውስጥ ወጣችና አንዲት ሞቅ ያለች ወረቀት በእጄ አስያዘችኝ። ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ የመጣላት መልስ ነው። ስልኳ ላይ ያለውን የጉንዳን ሰልፍ ዓይኔ ስለማይለየው፣ ለእኔ ብላ በትልልቅ ፊደል አሳትማዋለች። እኔ ግን ከማንበቤ በፊት ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት።

«አባባ፣ ይነበባል እንጂ ይሸተታል እንዴ?» አለችኝ።

«ዝም በይ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የምመርጠው በአፍንጫ ነው» አልኋት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። ያ የቀለምና የወረቀት ጠረን፣ ሚኒባስ አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን የዳንግላን መንገድ በአንድ ትንፋሽ አስኬደኝና፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ያውም ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ ሱሪዬን ከታች አስፍቼ፣ አቆመኝ።

አንባቢ ማን እንደምናገር ይወቅ። ስሜ አለነ ነው። ሀገሬው ሐኪም አለነ ይለኛል፤ ሐኪም ግን አይደለሁም። ድሬሰር ነበርሁ፤ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ቀቃይ፣ መርፌ ወጊ። በእኛ አገር ነጭ ጋዋን ለብሶ መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ ሐኪም ይባላል፤ እኔም ሰው በፍቅር የሰጠኝን ማዕረግ አልመልስም ብዬ እስከ ጡረታ ተሸከምሁት። ዳንግላ ያሉ የእድሜ እኩዮቼ ግን ሌላ ስም አውጥተውልኛል። «በቃኝ» ነው የሚሉኝ። ሙሉው «አሜሪካን በቃኝ ያለው» ነው። የዚህን ስም ታሪክ ሃምሳ ዓመት ያህል ሰው ሲያወራው ሰምቻለሁ። እውነተኛውን ግን እኔም ራሴ አውርቼው አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ዳንግላ ማለት ጋሪ ናት። ዛሬም ጋሪ አላት፤ ግን የዛሬው ጋሪ ባጃጅ ሲያልፍበት የሚሸማቀቅ ድሃ ዘመድ ሆኗል። ያን ጊዜ ባለጋሪ ጌታ ነበር። ከገበያው እስከ አውቶቡስ መቆሚያው ሥሙኒ፤ ሥሙኒ የሌለው በእግሩ፤ እኔ በነጻ፣ ምክንያቱም ባለጋሪው አበጀ አብሮኝ አንድ ወንበር ላይ ተምሮ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ «ፈረሱ ይሻለኛል» ብሎ የሄደ ጓደኛዬ ነው። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ከመንገዱ ዳር ያለው ሆቴል በር ላይ አንድ ትልቅ ራዲዮ ነበር፤ አዲስ ዘፈን የተለቀቀ ቀን ባለሆቴሉ ድምፁን ከፍ ያደርግና፣ እኛ ውጭ ቆመን አንዲት ሻይ ለሦስት ይዘን እግራችንን እንነቀንቃለን። ናይለን ሸሚዝ የለበሰ ፀሐይ ላይ ይቀቀላል፤ ቢሆንም አያወልቀውም። የእኔ ሱሪ ከታች ስፋቱ አቧራውን እንደ መጥረጊያ ይጠርገው ስለነበር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝ ይቁረጥለት እያለ አበጀ ያሾፍብኝ ነበር።

በዚያ ዘመን አሜሪካዊ አስተማሪ ነበረን። ረጅም፣ ቀይ፣ በርበሬ ሲበላ የሚያለቅስ፣ እያለቀሰም የሚጨምር። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል አንድ የዩኒቨርሲቲዎች አድራሻ ያለበት መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። «ሐኪም መሆን ትፈልግ የለ? ጻፍላቸው» አለኝ። ጻፍሁ። ራሷ ወረቀት ራሷ ፖስታ የሆነችውን ሰማያዊ የአየር ደብዳቤ እየገዛሁ፣ ምሳዬን እየተውሁ ጻፍሁ። ለሃያ ይሁን ለሠላሳ ዩኒቨርሲቲ አሁን ረሳሁት። ከሁለት ወር በኋላ የየዩኒቨርሲቲው መጽሔት እንደ ጠል ይወርድ ጀመር። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲገልጡት ያ ጠረን የሚወጣው! የፖስታ ቤቱ ሹም መስኮቱን ከፍቶ «አለነ! አሜሪካ መጥታልሃለች!» ሲል፣ ገበያተኛው ሁሉ ሰው የመጣ እየመሰለው ዞር ይል ነበር።

እንዴት እንደመረጥሁ ልናዘዝ። ስለ ሕክምና የተጻፈው ገጽ ሥዕል ስለሌለው አለፍሁት። መጀመሪያ ሣራቸውን አየሁ፤ የፈረስ አገር ልጅ ነኝና፣ እንዲህ ያለ ሣር እያላቸው አንድ ፈረስ የማያሰማሩ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው ብዬ ብዙዎቹን ጣልኋቸው። ቀጥዬ ስማቸውን ለመጥራት ሞከርሁ፤ ምላሴን ያደናቀፈውን ሰረዝሁ፤ ለአባቴ ልነግረው ነዋ! የቀሩትን አሸተትሁ። ሳቁ፤ እውነቴን ነው። ጥሩ የሚሸት መጽሔት ያለው ሀብታም ነው፣ ሀብታም ደግሞ በነጻ ያስተምራል ብዬ ነው። ከዚያ በተረፈው ላይ እናቴ ፈረደችበት። እናቴ የክፍሌን ግድግዳ ሁልጊዜ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ትለጥፍልኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግማሹን አሜሪካ ግድግዳው ላይ ለጥፋ አገኘኋት። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሁሉ በራሳቸው ቆመው ይስቃሉ። እሱንም ተውሁት። አይጥ ሙጫውን ስትልስ የበላችውንም ተውሁት። በመጨረሻ አራት ቀሩ፤ ለአራቱ አመለከትሁ።

ማስተዋልን አያችሁ? እሷ እንደዚህ አትመርጥም። ከእናቷ፣ ማለት ድንች ከምትነግደው ልጄ ጋር፣ እዚሁ እንጅባራ አብረን ነው የምንኖር። ዓመት ሙሉ ከቤታችን ኋላ ካለው ጉብታ ላይ፣ ኔትወርክ ከምታገኝበት ቦታ፣ ጋቢዬን ተከናንባ ስልኳ ላይ ተደፍታ ከረመች። በደብተሯ መስመር አስምራ ሰንጠረዥ ሠራች። ማን ለውጭ ተማሪ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል? ማን የማመልከቻ ገንዘብ ይተዋል? ሐኪም ለመሆን ለሚሻ ማን አማካሪ አለው? አንድ ቀን እኔም ላግዝ ብዬ ተጠጋሁ።

«ይቺስ? ሣሯ ያምራል» አልኋት።

«አባባ፣ ሣር አልበላም። ይልቅ ይስሙኝ። እዚያ ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀጥታ ሕክምና አይገባም። መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ ነው፤ ከዚያ ፈተና፤ ከዚያ ነው የሕክምና ትምህርት ቤት። የሕክምናው ደግሞ ብዙዎቹ የውጭ ዜጋ አይቀበሉም። ስለዚህ የማየው ኮሌጁን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ የወጡት የት ደረሱ ብዬ ነው።»

«ስምንት ዓመት!» አልሁ፤ እንደማላውቅ ሆኜ። አውቅ ነበር።

ለምን ሕክምና ትሉኝ እንደሆነ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጎረቤት የቆሰለ ሁሉ ወደ እኔ ሲመጣ ጥጥ ያዤ እሷ ነበረች። «ይሄ ቁስል ለምን ዳነ? ያኛው ለምን አልዳነም?» ትለኛለች። ሃምሳ ዓመት የሠራሁበትን መልስ እሰጣታለሁ፤ «እግዜር ያውቃል።» አንድ ቀን ቀና ብላ «እሱማ ያውቃል፤ እኔስ መቼ ነው የማውቀው?» አለችኝ። ያኔ ይቺ ልጅ ድሬሰር ሆና እንደማትቀር ገባኝ።

ስምንት ኮሌጅ መረጠች። አምስቱ እንቢ አሉ። ሁለቱ ነይ አሉና ገንዘቡን ግን አምጪ አሉ፤ ያ ማለት እንቢ ማለት ነው። እዚህ አገር ቤትም ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ የደረሳት ትምህርት ግን ሕክምና አይደለም። ስምንተኛይቱ፣ በረዶ የማይለያት ትንሽ ኮሌጅ፣ ከሁሉ አስቀድማ የወደደቻት፣ ያቺን ሞቅ ያለች ወረቀት የላከች ናት። በተጠባባቂነት ይዘንሻል፤ አሁንም የምትፈልጊን ከሆነ እስከ ሰኞ ጻፊልን ትላለች። ቀኑ ዓርብ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዳንግላ ልመለስ፤ የቀረው ታሪኬ ከዚህ ቀን ጋር ስለሚገጥም።

ካመለከትሁባቸው ከአራቱ አንዱ ተቀበለኝ። በነጻ፤ ምግቡም፣ መኝታውም፣ የአውሮፕላኑም። አራት ዓመት ተማር፣ ብትበረታ ከዚያ ሕክምናውን ትቀጥላለህ፤ መምጣትህን ጽፈህ አሳውቀን ይላል። ደብዳቤውን በአበጀ ጋሪ አድርጌ ወደ ቤት ይዤ በረርሁ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ከእናቴ ጋር በአውኛ፣ ከእኔ ጋር ሲቆጣ በአውኛ፣ ሲመክር በአማርኛ። አንዲት ግልገል ፈረስ እየገራ አገኘሁት። አነበብሁለት።

«ስንት ዓመት ነው ያልኸኝ?»

«አራት፤ ከዚያም ሌላ አራት።»

«ስምንት ዓመት! ፈረስ እንኳ ባንድ ክረምት ይገራል። ምን ዓይነት ክፉ አመል ቢያዩብህ ነው?» አለና ሳቀ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ልጓሙን ለቅቆ እጁን በጋቢው ጠረገና ወረቀቱን ተቀብሎ ዳሰሰው። ማንበብ አይችልም።

«አሁን እሺ ብዬ ልጻፍላቸው» አልሁት።

ፊቱ ተለወጠ። «እንዲህ ነው ያሳደግንህ? ሰው ‹እንብላ› ሲልህ ምን ትላለህ?»

«‹ይባርክ፣ በቃኝ› እላለሁ።»

«ሁለተኛ ሲልህ?»

«‹ኧረ በልቼ ነው የመጣሁ።›»

«ሦስተኛ?»

«‹በሞቴ› ካለኝ እቀርባለሁ።»

«ታዲያ ለአንድ ጉርሻ እንዲህ የሆንህ፣ የስምንት ዓመት ማዕድ ሲዘረጉልህ ዘለህ ልትጎርስ ነው? ‹የዚህን ልጅ አባት ርሃብ አሳብዶታል› ይበሉኝ? አንዴ በቃኝ በል። ይለምኑሃል። ያኔ በክብር ትሄዳለህ።»

አባቴን እንዳልኮንን። እኔም ያሰብሁት ይህንኑ ነበር፤ አባቴ ቀደመኝ እንጂ። አሜሪካዊው አስተማሪ ቢኖር ምናልባት ራሱን ይዞ ይጮህ ነበር፤ እሱ ግን አገሩ ገብቷል። ስለዚህ ሦስት ቀን ፈጅቼ በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ የተዋበውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍሁ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፤ «ለዚህ ታላቅ ስጦታ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ከእኔ የተሻለ፣ ከእኔም የተቸገረ ተማሪ ሞልቷልና፣ ለእርሱ ቢሰጥልኝ ደስታዬ ነው።» የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰዋስዉን አርሞ «ይህ ክፈፍ ተደርጎለት መሰቀል ያለበት ደብዳቤ ነው» አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ታይፒስት እየመታ እንባ ተናነቀው። እኔም ቴምብሩን ልሼ ለጠፍሁና «በሞቴ» የሚለውን ደብዳቤ መጠበቅ ጀመርሁ።

አባቴ እስከዚያ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ያቺን ግልገል ፈረስ ሸጦ፣ ገበያ ላይ አንድ ልባሽ ካፖርት ገዛልኝ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቁልፎቹ የብርሌ አፍ የሚያህሉ፣ ወንድ ልጅ ከነፈረሱ የሚያለብስ። «አሜሪካ ብርድ ነው አሉ። የለመኑህ ዕለት ይህን ለብሰህ ትነሣለህ» አለኝ።

መልሱ መጣ። ፖስታው ቀጭን ነበር፤ ቅጥነቱን ሳይ ልቤ ትንሽ ነገር ሹክ አለኝ። ሦስት መስመር ናት። ውሳኔህን እናከብራለን፤ ቦታው ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል፤ መልካሙን ሁሉ እንመኝልሃለን። ደጋግሜ አነበብሁት። ወረቀቱን ገለበጥሁት። ፖስታውን በትንፋሼ ነፍቼ ውስጡን አየሁ። ወደ ፀሐይ አነሣሁት። «በሞቴ» የለችም! ሰዎቹ ያልሁትን ነገር፣ እንዳልሁት አድርገው፣ አመኑኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ባለጌ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ስወጣ አበጀ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ምን አሉህ?» አለኝ።

አየሁት። ደጃፉ ላይ ሰው ሞልቷል። «ተውኋቸው» አልሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ቢፈትሿት ውሸት እንኳ የለባትም። ግን በሚቀጥለው ገበያ ሥጋና አጥንት ለብሳ አገኘኋት። አለነ አሜሪካን በቃኝ አለ! ወገኔን ጥዬ አልሄድም አለ! ከዚያም ወዲያ፣ ለምነውት ለምነውት እንቢ አላቸው ተባለ። ቄሱ ሳይቀሩ በስብከት መሐል አነሡኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ሰው ትሕትና መስሎት ይበልጥ ወደደኝ። የለመነኝ እንደሌለ የምናውቅ እኔና አባቴ ነን። አባቴ በየገበያው ቀን ጠጋ ይልና «አልለመኑህም?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። ዓመታት ካለፉ በኋላም፣ ሌላ ነፋስ ነፍሶ፣ ጎፈሬውም ሱሪውም ራዲዮኑም ከተለወጠ በኋላ፣ እኔም የድሬሰር ትምህርቴን ጨርሼ መርፌ ስቀቅል፣ አንድ ቀን ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ «ክፉዎች አይምሰሉህ፤ መንገዱ ርቆባቸው ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። ካፖርቱን ግን ለበስሁት። የአሜሪካ ብርድ ቢቀርብኝ የእንጅባራው አልቀረብኝም።

ይኸው ነው። እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቀርከሃው አጥር ሥር ፀሐይ ስሞቅ፣ ማስተዋል ስልኳን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ መልሱን ጽፌዋለሁ። በአማርኛ ላንብብልዎ?»

«እስቲ።»

«‹ስላስታወሳችሁኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም ከእኔ የበለጠ የሚገባው ተማሪ ካለ፣ ቦታውን ለእርሱ ብትሰጡት ቅር አልሰኝም…›»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። እግሬ ሥር ያለው መሬት ሃምሳ ዓመት ወደኋላ ተንሸራተተ። ያንኑ ደብዳቤ ነው የጻፈችው! ሳላስተምራት፣ ሳታየው።

«ማን ነው እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያለሽ?»

«ማንም። ግን መለመን አልፈልግም። እርስዎ አሜሪካን በቃኝ ያሉ ሰው ነዎት፤ የልጅ ልጅዎ ስስታም ናት ይባል?»

መቼም ሽማግሌ ሆኖ በሚወደው ሰው ፊት ልብሱን እንደ ማውለቅ ያለ ነገር የለም። ምን ላድርግ! አወለቅሁ። ከሣሩ ጀምሬ እስከ ቀጭኑ ፖስታ ድረስ ነገርኋት። ተዘቅዝቀው ስለሳቁት ተማሪዎች ስነግራት ሳቀች። «በሞቴ» ስፈልግ ፖስታውን ነፋሁት ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስለ አባቴ ስነግራት ሳቋን ትታ ጠጋ አለችኝ።

«እና ያ ሁሉ የወገን ፍቅር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ፍቅሩማ ነበረኝ። ቢለምኑኝ ኖሮ እሱንም ይዤ እሄድ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መልሰው አልጻፉላቸውም? ‹ልማዳችን እንዲህ ስለሆነ ነው፤ መምጣት እፈልጋለሁ› ብለው?»

ይህን ጥያቄ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁትም። መልሱ ግን አፌ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

«አፈርሁ» አልኋት። «በቃኝ ያለ ሰው ተመልሶ ርቦኛል ይላል? አባባሌ ጨዋነት ነበር፤ የቀረው ሁሉ ግን ኩራት ነው። ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ የነገርሻቸውን ያምኑሻል። ስለዚህ የምታምኚውን ንገሪያቸው።»

ቁጭ ብላ ሁሉንም አጠፋችው። ከዚያ አብረን ጻፍን። ማለት እሷ ጻፈች፤ እኔ ነዘነዝኋት። «መምጣት እፈልጋለሁ። ከስምንት ኮሌጅ መጀመሪያ የመረጥሁት እናንተን ነው፤ ምክንያቱም ከእናንተ የወጡ የውጭ አገር ልጆች ሐኪም ሆነው አይቻለሁ። ቦታ ከተገኘ በዚያው ቀን እሺ እላለሁ።» ከሥሩ ደግሞ ስለዚያ ጥጥ ያዥነቷና ‹እኔስ መቼ ነው የማውቀው› ስላለችው ነገር አንድ አንቀጽ ጨመረች።

«አባባ፣ ስስት አይመስልም?»

«ይምሰል! ስስትሽ ለትምህርት ነው። ጉብታው ላይ ውጪና ላኪው፤ እኔም ሐሳብሽን እንዳትለውጪ ከኋላሽ እወጣለሁ።»

ወጣን። እኔ በከዘራዬና በጉልበቴ ጩኸት፣ እሷ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ። ጉሙ ከታች ይመጣል፤ ኔትወርኩ ይሄዳል ይመጣል። ስልኩን ወደ ሰማይ አነሣችው፣ ልክ እኔ ያችን ፖስታ ወደ ፀሐይ እንዳነሣኋት። ከዚያ «ሄደ» አለች። እኔም ሳላስበው ከዘራዬን አውለበለብሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ቤት ውስጥ ስለ ኮሌጁ የሚያነሣ የለም፤ እናቷ ሳትቀር ድንቿን ስትመርጥ ስልኩን በዓይኗ ጠርዝ ታያለች። እኔ እረፍት አጣሁና በሚኒባስ ዳንግላ ወረድሁ፤ አበጀን ላየው። አበጀ ጋሪውን ለልጁ ሰጥቶ አሁን ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ የሰውን ጋሪ የሚተች ጌታ ሆኗል።

«ኧረ በቃኝ መጣ!» አለ ከሩቅ።

«ያን ስም ልመልስልህ ነው የመጣሁት» አልሁት፤ ተቀመጥሁና ለእሱም ተናዘዝሁ። እንደ ማስተዋል ይስቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ትንባሆውን ረጋ ብሎ አሸተተ።

«እሱንማ አውቅ የለ!» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ታይፒስቱ ነዋ! ካርቦን አድርጎ አንድ ቅጂ አስቀርቶ፣ እያለቀሰ ለከተማው ሁሉ አነበበው። ያልሰሙት የጋሪ ፈረሶች ብቻ ናቸው። ካፖርት ተገዝቶልህ ስትቀርም ‹በሞቴ› እንዳላሉህ ገባን።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አላችሁኝ?»

«ጀግንነቱ አማረብሃ! ደግሞስ መርፌ የምትወጋን አንተ፤ ማን ደፍሮ ያስቀይምሃል?»

ይህን ሲል ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ማስተዋል ናት። ከጉብታው ላይ እንደሆነች ንፋሱ ይናገራል።

«አባባ! ቦታ ተገኝቶልኛል! ከነሙሉ ወጪው!»

«ምን አልሻቸው?»

«እሺ አልኋቸው።»

«ስንት ጊዜ ጠየቁሽ?»

«አንድ ጊዜ» አለች፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ስልኩን ለአበጀ ሰጠሁት፤ እኔ መሐረቤን መፈለግ ነበረብኝ።

ገና ቪዛ የሚባል በር አለ፤ ከዚያ ወዲያም ስምንት ዓመት። እኔ ፍጻሜውን አያለሁ ብዬ አልመካም፤ አባቴ እንዳለው መንገዱ ሩቅ ነው። ግን ትናንት ማስተዋል ዕቃዋን ስትለይ፣ ከሣጥኔ ሥር ያንን ጥቁር ካፖርት አወጣሁት። ብል መከላከያ ይሸታል፤ አንድ ቁልፉ የእኔ አይደለም፤ ክርኑ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል።

«ይሄን ውሰጂ» አልኋት።

«አይ አባባ፣ ይሁንልዎ። እንጅባራ ለእርስዎም ይበርዳል።»

«ውሰጂው እንጂ።»

«ኧረ እዚያ ይሰጡኛል። እርስዎ ይልበሱት።»

ልጅቱ በደንብ አድጋለች። ለአሜሪካ እሺ ብትልም ቤቷ ውስጥ ወጉን አልረሳችም። እኔም ሦስተኛውን ልናገር አፌን ስከፍት፣ ከአንድ ቀጭን ፖስታ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የፈለግኋት ቃል ራሴው ምላስ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«በሞቴ» አልኋት።

ለበሰችው። እጅጌው እስከ ጣቶቿ ጫፍ ደረሰ። ያ ካፖርት ይኸው በስተርጅናው በረዶ ሊያይ ነው።